የጂኤምሲው ኮከብ፣ ቁጥርና ስቲከር፦ ለአንድ ካሚዮን አዳሽ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «እ.ኤ.አ. በ1943 የተሠራ የአሜሪካ ጦር ጂኤምሲ ካሚዮን እያደስኩ ነው። ካቢናውንና ካሶኒውን በማት (በማያብረቀርቅ) የወይራ አረንጓዴ ቀብቻለሁ። ኮፋኖውና የኋላ ስፖንዳው ገና አልተላጡም። አንዱ በር ላይ ከስቲከር የተቆረጠ ስቴንስል (ቅርጹ ወጥቶለት በላዩ የሚቀባበት) ለጥፌ ነጭ ኮከብ ብቀባ፣ ቀለሙ ከሥር ሾልኮ ጠርዙን አበላሸው። ሁሉንም በዲካል (ታትሞ በተዘጋጀ ተለጣፊ) ብጨርሰው ምን ችግር አለው? ቁጥሩስ የትኛውን ልጻፍ?»

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንህ። ኮፋኖውን አትላጠው። ነገ ልጀምር ብለህ ከሆነም ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀምጥና መጀመሪያ ይህን አንብብ። የቁጥሩ ጥያቄህ መልስ እዚያው ኮፋኖ ጎን ላይ፣ ከአራት ወይም ከአምስት ድርብ ቀለም ሥር ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

እነዚህ ካሚዮኖች ጦርነቱ ሲያልቅ ሥራ አልፈቱም። የፈረንሳይ ጦር ለረጅም ዓመታት ነድቷቸዋል። ብዙዎቹ ለሲቪል ተሸጠው እንጨትና አሸዋ ሲያመላልሱ ኖረዋል። የተረከባቸው ሁሉ የፊተኛውን ቀለም አልላጠም፤ በላዩ ላይ ደርቦ ቀባ እንጂ። ለእኛ ይሄ ትልቅ ዕድል ነው።

መጀመሪያ በማታ ሞክር። መብራቱን አጥፋ። የእጅ ባትሪ ከላሜራው ጋር አስጠግተህ ብርሃኑን ከጎን አግድም ልቀቅበት። ከሥር የተጻፈ ቁጥር ካለ ጠርዙ እንደ ቀጭን ጠባሳ ጥላ ይጥላል። ፊት ለፊት ስታየው ግን ምንም አይታይም። ጥላ ያየህበትን ቦታ በጠመኔ ክበብ።

ቀን ላይ ደግሞ በውሃ ፈግፍግ። በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምር፤ ቀለሙ መለወጥ ሲጀምር ወደ 1000 ውጣ። ክንድህን ሳይሆን ጣትህን ተጠቀም። በየአሥር ምት እየጠረግህ እይ። በደረቁ ግን በፍጹም እንዳትፈገፍግ። የዚያ ዘመን ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል። እጣቢውንም በጨርቅ ሰብስብ፣ መሬት ላይ አትድፋው።

ስትፈልግ ነጭ ብቻ አትፈልግ። መጀመሪያ አካባቢ የምዝገባ ቁጥሩ የሚጻፈው ደብዘዝ ባለ ሰማያዊ ግራጫ ቀለም ነበር። ከወይራ አረንጓዴው ጋር ያለው ልዩነት በጣም ትንሽ ነው። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ጭራሽ ይጠፋል፤ ብዙ ሰው «ይሄ መኪና ቁጥር አልነበረውም» ብሎ የሚሳሳተው ለዚህ ነው። ነጩ በኋላ ነው የተስፋፋው።

ቁጥሩ ከታየህ እዚያው አቁም። ማስመሪያ ጎኑ አስቀምጠህ ፎቶ አንሣ። ቀጥሎ ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ፕላስቲክ ለጥፍበትና ፊደሉን በቀጭን ማርከር ቅዳ። የኮፋኖውን ጠርዝና የማንጠልጠያውን ቦታም አብረህ አስምር፤ አለዚያ ፊደሉ ይኖርሃል እንጂ ቦታው ይጠፋብሃል። ያ ፕላስቲክ ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ መረጃ ነው። ስቴንስልህንም ከእሱ ትቆርጣለህ።

ካልታየህስ? የዚህ ዓይነት ባለ ሁለት ተኩል ቶን ካሚዮን የምዝገባ ቁጥሩ በ4 ይጀምራል። የጂፕ ቁጥር ደግሞ በ20 ይጀምር ነበር። ስለዚህ በ20 የሚጀምር ቁጥር የተጻፈበት ጂኤምሲ ስታይ ባለቤቱ ከጂፕ ፎቶ ገልብጦ እንደሆነ ታውቃለህ። ከቁጥሩ በላይ የአሜሪካ ጦር ምህጻር፣ «ዩ.ኤስ.ኤ.» በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ቁጥሩን ተከትሎ «ኤስ» የምትለውን ፊደል ካየህ ማስዋቢያ አይደለችም። የሞተሩ ኤሌክትሪክ የሬዲዮ ግንኙነትን እንዳይረብሽ መከላከያ ተገጥሞለታል ማለት ነው። መከላከያዎቹን ሳትገጥም ፊደሏን አትጻፍ፤ ኮፋኖውን ከፍቶ የሚያይ ሰው ይኖራል። ክሩስኮቱ ላይ ያለችው የብረት ሰሌዳ መኪናው ለጦሩ የተሰጠበትን ቀን ትነግርሃለች። ከዚያ ቀን በፊት የሆነ ነገር መኪናህ ላይ እንዳይጻፍ እሷን ተመልከት።

የፓራውልቱ ጽሑፍ ሌላ ነገር ነው። የምዝገባ ቁጥሩ የመኪናው መታወቂያ ሲሆን የፓራውልቱ ግን የክፍሉ ነው። ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ደንቡ የአሜሪካ ጦር ደንብ 850-5 ነው። ጽሑፉ አራት ክፍል አለው። ከፊት ቆመህ ስታየው ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፦ መጀመሪያ ክፍለ ጦሩ ወይም ጦሩ፣ ቀጥሎ ሬጅመንቱ ወይም ሻለቃው፣ ከዚያ ሻምበሉ፣ መጨረሻ መኪናው በሰልፍ ውስጥ ያለው ተራ ቁጥር። ለምሳሌ የ1ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር፣ የ16ኛው እግረኛ ሬጅመንት ከሆነ 1፣ ከዚያ 16 እና እግረኛን የምታሳየው «አይ» ትመጣለች።

ሦስተኛው ክፍል ላይ ግን ተጠንቀቅ። ብዙ አዳሾች «ቢ» ወይም «ሲ» ብለው የተኳሽ ሻምበል ፊደል ይጽፋሉ። ጂፕ ላይ ያምራል፣ ትክክልም ሊሆን ይችላል። ባለ ሁለት ተኩል ቶን ካሚዮን ግን በእግረኛ ሬጅመንት ውስጥ የሚገኘው በአብዛኛው በአገልግሎት ሻምበሉ ሥር ነበር። ስለዚህ መጻፍ ያለበት የአገልግሎት ሻምበሉ ምልክት «ኤስቪ» ነው። ከሁሉ ይበልጥ ደግሞ እነዚህ መኪናዎች በብዛት የነበሩት በኳርተርማስተር (የስንቅና የአቅርቦት ክፍል) የካሚዮን ሻምበሎች ውስጥ ነው። የእነሱ ምልክት «ኪው» ናት።

እኔ ብጠየቅ የምመርጠው ከእነዚህ ሻምበሎች አንዱን ነው። ምክንያቴን ልንገርህ። በ1944 ከነሐሴ 25 እስከ ኅዳር 16 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፈረንሳይ ውስጥ «ሬድ ቦል ኤክስፕረስ» የሚባል የጭነት መስመር ነበር። ግፋ ባለበት ጊዜ ወደ 6,000 የሚጠጉ መኪናዎች ተሰልፈውበታል። በቀን 12,500 ቶን ያህል ጭነት ያደረሱበት ጊዜ አለ። ከሾፌሮቹ ከአራቱ ሦስቱ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ራሱ ጦሩ በቀለም ለይቶ ባሰለፋቸው ሻምበሎች ውስጥ ሆነው ነው ነዳጅና ጥይቱን ለግንባሩ ያደረሱት። በየኤግዚቢሽኑ የምናየው ጂኤምሲ ግን አብዛኛው የታዋቂ ተዋጊ ክፍለ ጦር ቁጥር ይዞ ይቆማል። የእነዚያ ሾፌሮች ሻምበል ቁጥር የተጻፈበት መኪና ሳይ ልቤ ይሞላል። ምርጫው ያንተ ነው። ብቻ በዘመኑ ፎቶ ላይ በእርግጥ ያየኸውን ሻምበል ምረጥ፤ ከራስህ አትፍጠር።

አንድ ቦታና አንድ ወቅትም ወስን። ለምሳሌ በአውሮፓ ግንባር ብዙ መኪናዎች ፊታቸው ላይ ቢጫ ክብ ውስጥ ጥቁር ቁጥር ነበራቸው። መኪናው የትኛውን ድልድይ መሻገር እንደሚችል የሚነግር ነው። ይህን ለጥፎ ፓራውልቱ ላይ የፓሲፊክ ክፍል መጻፍ ሁለት መኪና በአንድ ላይ ማቆም ነው።

አሁን ወደ ተበላሸው በርህ እንምጣ። ጥፋቱ የእጅህ አይደለም።

ማት ቀለም ለዓይን ለስላሳ ይመስላል እንጂ ገጹ ሻካራ ነው። ብርሃን የሚበትነውም በዚህ ሻካራነት ነው። ስቲከር ስትለጥፍበት ሙጫው የሚይዘው ጉብታዎቹን ብቻ ነው። በመካከላቸው እጅግ ቀጫጭን ቦዮች ይቀራሉ። ቀለሙ ቀጠን ያለና ብዙ ከሆነ ውሃ ጨርቅ ላይ እንደሚሳበው በቦዮቹ ተስቦ ይገባል። መጫን፣ ማሸት፣ ሌላ ውድ ስቲከር መግዛት ነገሩን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስቴንስሉን ከለጠፍክ በኋላ መጀመሪያ ነጩን አትቀባ። ያንኑ የወይራ አረንጓዴ በጠርዙ ላይ ስስ አድርገህ እርጭ። ሾልኮ የሚገባ ካለ እሱ ይግባ። ከሥሩ ካለው ጋር አንድ ቀለም ስለሆነ አይታይም፤ ቦዮቹን ግን ይደፍናቸዋል። እስኪደርቅ ጠብቅና ነጩን አስከትል። ጠርዙ በምላጭ የተቆረጠ መስሎ ይወጣል።

ግን ወንድሜ፣ በምላጭ የተቆረጠ የሚመስል ጠርዝ በእርግጥ ትፈልጋለህ? የፓራውልት ጽሑፍ የሚጽፈው ወታደሩ ራሱ ነበር፤ ካርቶንና ብሩሽ ይዞ፣ አንዳንዴ ዝናብ ሊመጣ ሲል፣ ተራ የሚጠብቁ ሌሎች መኪናዎች ከኋላው ቆመው። ጠርዙ እዚህም እዚያም ላላ ይላል። አንዱ ፊደል ከሌላው ይደምቃል። እኔ ስቲከር ስቴንስል የማስቀረው ለትልልቁ ኮከብ ብቻ ነው። ፊደሉንና ቁጥሩን በካርቶንና በብሩሽ ነው የምሠራው። አንተም እንዲያ እንድታደርግ እመክርሃለሁ።

ካርቶኑ በዘይት የተነከረ ጠንካራ ወረቀት ነው። ካጣህ የተቀቀለ ተልባ ዘይት በሁለቱም በኩል ቀብተህ ጥቂት ቀን አድርቀው። ዘይት የጠጣው ጨርቅህን ግን አጣጥፈህ አትጣል፤ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል። ዘርግተህ አድርቀው ወይም ውሃ ውስጥ ጨምረው። ሩብ ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ፕላስቲክም ይሆናል። የ0፣ የ4፣ የ6፣ የ8ና የ9 ሆድ ስትቆርጠው ወልቆ ይወድቃል። ለዚህ ነው ከጎን የሚይዙ ድልድዮች የምትተውለት። ሦስት ኢንች ማለትም 76 ሚሊ ሜትር ቁመት ላለው ፊደል ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ድልድይ ይበቃል። ከቀባህ በኋላ ድልድዮቹን በእጅ ትሞላለህ ወይስ ትተዋለህ? የመረጥከውን ክፍል ፎቶ እይ። ሁለቱም ነበሩ። ፎቶ ከሌለህ ተወው።

የፊደሉን መጠን ከፎቶ ማውጣት ከፈለግህ ራስህ መኪና አጠገብ ሂድ። ፓራውልቱን ከላይ እስከ ታች ለካ። ፎቶው ላይ ያለውን ፓራውልትና ፊደል በማስመሪያ ለካና አመጣጥን። ለበሩም፣ ለስፖንዳውም እንዲሁ ነው። ከማንም የተቀዳ ሰንጠረዥ ይህን ያህል አያስተማምንም።

ብሩሹ አጭር፣ ጠንካራ ጸጉር ያለውና ጫፉ ጠፍጣፋ ክብ ይሁን። ቀለሙን አታቅጥን። ጫፉን ብቻ ንከር፤ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ ላይ ደብደብ ደብደብ አድርገህ አብዛኛውን አውጣው። ብሩሹ የደረቀ ሲመስልህ ያኔ ነው ልኩ። ቀጥ አድርገህ ይዘህ ነካ ነካ እያደረግህ ቅባ። ወደ ጎን አትጎትት፤ መጎተት ቀለሙን ከካርቶኑ ሥር ይከተዋል። የመጀመሪያው ዙር ስስና ግራጫ መስሎ ያስጨንቅሃል። ተወው። ሩብ ሰዓት ቆይተህ ድገም። ሁለት ወይም ሦስት ዙር ይሞላዋል። ካርቶኑን ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቀጥ አድርገህ አንሣው። ወዲያው ጀርባውን አጽዳ። ስድስት ፊደል ከቀባህ በኋላ ሰባተኛውን የሚያበላሸው ከጀርባ የተጠራቀመው ቀለም ነው።

ነጩ ንጹሕ ነጭ አይሁን። የሱቅ ነጭ ዓይን ይወጋል፤ መኪናው ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይመስላል። ማት ነጭ ውሰድና ጥቂት ጠብታ ጥቁርና ጥቂት ቢጫ አፈርማ ቀለም ጨምር። ወተት ከመሆን ወደ አሮጌ አጥንት ሲጠጋ አቁም።

ኮከቡ ሌላ ሒሳብ አለው። በጎን ገጽ ላይ አንዱ ጫፍ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያያል። ክብ አስምረህ በ72 ዲግሪ አምስት ቦታ ትከፍለዋለህ። የክቡ ስፋት 500 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከአንዱ ጫፍ እስከ ጎረቤቱ ጫፍ 294 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ወደ ውስጥ የሚገቡት ማዕዘኖች ከመሃሉ 95 ተኩል ሚሊ ሜትር ይርቃሉ። በዓይን ግምት አትሥራው። የተዛባ ኮከብ ከሩቅ ያስታውቃል፣ አንዴ ካየኸው ደግሞ ሁልጊዜ ያንን ብቻ ነው የምታየው። በ1944 ፈረንሳይ ውስጥ ኖርማንዲ ላይ የታዩት ኮከቦች ብዙዎቹ ዙሪያቸውን የተቆራረጠ ነጭ ክብ አላቸው። ክፍተቶቹ የስቴንስሉ ድልድዮች ናቸው። አንዳንድ ሰው ክፍተቶቹን እንደ ስሕተት ቆጥሮ ሙሉ ክብ ያደርጋቸዋል፤ እባክህ አንተ አታድርገው።

ከመለጠፍህ በፊት የሥሩ ቀለም መብሰሉን አረጋግጥ። የዘይት ቀለም በአንድ ቀን ለእጅ ይደርቃል፤ እስከ ውስጡ ለመጠንከር ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ የአንድ ካሚዮን በር በቀባሁት በአምስተኛው ቀን ቴፕ ለጠፍኩበት። ሳነሣው ቀለሙ እስከ አንቲሩስቱ ድረስ አብሮ ተነሣ። በሩን እንደገና ላጥኩት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አያለሁ። አፍንጫዬን አስጠግቼ የቲነር ሽታ ካለ እጠብቃለሁ። በማይታይ ቦታ በጥፍሬ ጫን አድርጌ ምልክት ከተወም እጠብቃለሁ። ሌላው፣ በዘይት ቀለም ላይ ጠንካራ ቲነር ያለው ቀለም ከመርጨትህ በፊት ከስፖንዳው ውስጠኛ ገጽ ላይ ሞክር። ካልተስማሙ የታችኛው ቀለም ተኮማትሮ ይነሣል። ላሜራው ቀዝቃዛና ላብ የያዘ ከሆነም አትጀምር፤ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሥራው ይቀላል።

ዲካልን በተመለከተ መልሴ «በቦታው አዎ» ነው። ውጭ ላይ፣ ማለትም በኮፋኖ፣ በበር፣ በፓራውልት ላይ አትጠቀም። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ያው ሻካራ ገጽ አየር ይይዝበታል። ፊደሉ ዙሪያ ብርማ ነጸብራቅ ይፈጠራል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ፕላስቲክነቱ ይጋለጣል። ሁለተኛ፣ የተቀባ ፊደል ሲያረጅ እየሳሳ ከመኪናው ጋር ያረጃል። ስቲከር ሲያረጅ ግን ጠርዙ ይነሣል፣ አቧራ ይይዛል፣ ይላጣል።

ካቢና ውስጥ ግን ዲካል ጥሩ ነው። ትንንሽ የማስጠንቀቂያና የመመሪያ ጽሑፎችን ማንም በብሩሽ አይጽፋቸውም። ቦታውን ብቻ በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ስስ አድርገህ ቅባና አድርቅ። ገጹ ለስላሳ ሲሆን አየር አይያዝም። በውሃ የሚለቀቅ ዓይነት ከሆነ ወረቀቱን ለብ ባለ ውሃ ነክረህ ጽሑፉ መንሸራተት እስኪጀምር ጠብቅ። ጎትተህ አታላቅቀው። ቦታው ላይ አንሸራተህ በእርጥብ ስፖንጅ ከመሃል ወደ ዳር ውሃውን ግፋ። ስቲከር ከሆነ አንድ ሊትር ውሃ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምረህ ቦታውን አርጥብ። ይህ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጥሃል። አረፋ ከቀረ በመርፌ ወጋ አድርገህ ተጫነው። አንድ ቀን ካደረ በኋላ ማት ቫርኒሽ ከላይ እርጭበት፤ ግን ዲካሉ ላይ ብቻ አትርጭ። እስከ ፓነሉ ጠርዝ ድረስ ሸፍን፤ አለዚያ አራት ማዕዘን ጥላ ይቀርብሃል።

የብረት ሰሌዳዎቹን ደግሞ በዲካል አትተካ። ክሩስኮቱ ላይ ያሉት፣ ከፍተኛው ፍጥነት በሰዓት 45 ማይል መሆኑን የሚናገረውም ጭምር፣ ከብረት የተሠሩ ነበሩ። ከጠፉ ተመሳሳይ የብረት ሰሌዳ ፈልግ።

ሙሉ መኪናውን በቫርኒሽ መሸፈን የሚመክሩህ ይኖራሉ። አልስማማም። ጦሩ እንዲያ አልሠራም፤ ማት ቫርኒሽ እንኳ የወይራውን ቀለም ያጠቁረዋል። ቆይቶ ሲጫር ደግሞ መጠገኑ ከባድ ነው። ምልክቱ ሳይሸፈን እየተጠረገና ፀሐይ እየመታው ይኑር። በሁለተኛው ዓመት ላይ ነው በጣም የሚያምረው።

ለበሩ እንዲህ አድርግ። ነጩን በ800 ቁጥር በውሃ ፈግፍገህ ጠርዙ ለጣት እስከማይሰማ ዝቅ አድርገው። የወይራውን ስስ ሁለት ዙር እርጭበትና ሙሉ በሙሉ እስኪበስል ተወው። እስከዚያ በአንድ ትርፍ ላሜራ ላይ ያንኑ ማት ወይራ ቀብተህ በብሩሽና በካርቶን ተለማመድ፤ 4ን ደጋግመህ ጻፋት፣ ድልድይዋ አስቸጋሪ ናት። ከዚያ ፓራውልቱን፣ ቀጥሎ ኮፋኖውን ከነቀዳኸው ቁጥር ጋር፣ መጨረሻ ላይ የበሩን ኮከብ ሥራ። እና ዛሬ ማታ ባትሪውን ይዘህ ኮፋኖው ጋ ሂድ። ጥላ ካየህ፣ ምንም ሳትነካ መጀመሪያ ፎቶ አንሣው።